በግድግዳ የተማርኩት እንግሊዝኛ

እኔ አፍ አላጣም። ካዛንቺስ ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጆቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲጮሁብኝ ለሁሉም እየመለስኩ፣ ጥብሱን ሳላሳርር፣ የተቆጣውን እያሳቅኩ የምሸኝ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ምግብ ቤቱም አብሮ ፈረሰና ቤቴ ቁጭ አልኩ። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያላት እህቴ፣ "ቤትሽን ልቀቂና እኔ ጋ ነይ፣ ልጆቼን ትይዥልኛለሽ" አለችኝ። እህቴን እወዳታለሁ። ግን በዚህ ዕድሜዬ በሰው ጓዳ፣ የሰው ፊት እያየሁ መኖር? ኧረ ወዲያ!

እና አንድ ሆቴል ቁርስ ላይ እንግዳው ፊት ቆማ እንቁላል የምትጠብስ ሴት እንደሚፈልግ ስሰማ ዓይኔን ሳላሽ ተመዘገብኩ። እንቁላል ለእኔ ምን አላት! ችግሩ እንግዳው ፈረንጅ ነው፤ ፈተናውም በእንግሊዝኛ። ራስሽን አስተዋውቂ፣ ሥራሽ ምንድን ነው፣ ቤተሰብሽስ ይላሉ አሉ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ"የስ" እና ከ"ኖ" አያልፍም ነበር።

ቂርቆስ ያለው ቤቴ ከጎረቤቴ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል። ጎረቤቴ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅ የላቸውም። በዚያ ግድግዳ ሳላቸው ሳይቀር ይሰማል፤ ስልካቸው ሲጮህ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ያስተምሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። "እኔን እግሬ አያስወጣኝም፣ አንቺም ምድጃሽን ጥለሽ አትመጪም፤ እዚያው ሆነሽ መልሺ" አሉኝ። በቃ፣ አመሻሽ ላይ እሳቸው ከወዲያ ይጠይቃሉ፣ እኔ ከወዲህ ሽንኩርት እየከተፍኩ እመልሳለሁ። ስለምንጮህ ግቢው ሁሉ አብሮን ይማራል።

"ሃው አር ዩ?" አሉኝ የመጀመሪያ ቀን።

"ፋይን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? እግርዎን ተሻለዎት?"

"ፋይን፣ ታንክ ዩ ብለሽ አቁሚ!"

"እግዜርን ሳላመሰግን?"

"እሱን ቤትሽ ስትገቢ ታመሰግኚዋለሽ። ሆቴል ውስጥ ፋይን፣ ታንክ ዩ ነው!"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ቧንቧ ጋ ስወጣ "ዋት ኢዝ ዩር ጆብ?" የማይለኝ ሰው ጠፋ። እኔም ባልዲዬን አስቀምጬ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ "አይ አም ኤ ኩክ! ኤ ቬሪ ጉድ ኩክ!" እላለሁ። ቬሪ ጉዱን ጋሼ አላስተማሩኝም፤ ራሴ ነኝ የጨመርኩት።

"አር ዩ ማሪድ?" ሲሉኝ ግን መልሴ ሁልጊዜ "የስ" ነበር። ባለትዳር ነኝ ማለቴ ነው። ባሌ ለሥራ ብሎ ወደ ደቡብ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። ሌላ ቤት እንደመሠረተ እኔም አውቃለሁ፣ ግቢውም ያውቃል፣ ጋሼም ያውቃሉ። ግን በዓል በመጣ ቁጥር፣ "ባለቤትሽ ከመንገድ አልተመለሰም?" ይሉኛል። "ደህና ነው፣ ይመጣል" እላለሁ። እነሱ እኔን እንዳያሳፍሩ፣ እኔም እነሱን እንዳላሳፍር፣ እንዲሁ ስንባባል ዓመታት ሄዱ። ያ ሁሉ አፍ እያለኝ ይህቺን አንዲት ነገር መናገር አቅቶኝ ነበር።

አንድ ምሽት ጋሼ ቀጠሉ። "ዌር ኢዝ ዩር ሃዝባንድ?" ባልሽ የት ነው?

ቢላዬ ቆመ። ደጅ ልብስ ታጥብ የነበረችው ጎረቤታችንም መፈተጓን አቆመች።

"ጋሼ፣ ይቺን ይዝለሏት።"

"እኔ ብዘላት ፈታኞቹ አይዘሏትም፣ ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ለሌለ ሰው መልስ ሳዘጋጅ መኖሬ ነው ያናደደኝ።

"ኖ!" አልኩ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። "አይ አም ኖት ማሪድ!"

ከዚያ ከደጅ የአጣቢዋ ድምፅ፣ "ቬሪ ጉድ!" አለ። ሳቅኩ፤ አለቀስኩም፤ በሽንኩርቱም አላሳበብኩም። ጋሼ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። በአማርኛ ቢሆን ይሉኝታ ይይዘኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ግን ዝም ብሎ ወጣ።

የፈተናው ቀን ፊቷ የማይፈታ ወጣት ሴት ተቀበለችኝ። "ሃው አር ዩ?" ስትለኝ፣ "ፋይን፣ ታንክ ዩ" ብዬ አቆምኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሥራዬን ስትጠይቀኝ ቬሪ ጉዱን አልተውኩም። እንቁላሉንም ጠብሼ፣ ሳይፈርስ ገልብጬ አሳየኋት። ስለ ባል ግን አንድም አልጠየቀችኝ! ያን ሁሉ ተዘጋጅቼ!

መጨረሻ ላይ ወደ አማርኛ መጣች። "ሰኞ ትጀምሪያለሽ። አንድ ነገር ቀረን፣ ተጠሪሽ ማን ይሁን? ድንገት ብትታመሚ የምንደውልለት ሰው።"

በድሮው ሥራዬ ተጠሪዬ ባሌ ነበር፤ ቢደወልለት የማያነሳ ሰው። የጋሼን ስም ነገርኳት።

"ምንሽ ናቸው?"

"ጎረቤቴ። ግድግዳ ለግድግዳ ነን" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች።

ማታ ቤት እንደገባሁ ግድግዳውን ደበደብኩ። "ጋሼ! አለፍኩ! ጎተራ ቀረ!"

"ኮንግራጁሌሽን!" ብለው ጮኹ።

"ተጠሪዬም አድርጌዎታለሁ። አንድ ነገር ብሆን የሚደውሉት ለእርስዎ ነው።"

ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። ደነገጥኩ።

"ጋሼ? ሃው አር ዩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ።"