ታናሽ ወንድሜ ያየልኝ ዕለት

ምራቴ ዛሬ የበግ ጠጉር አጥባ ደጅ ላይ አሰጣችው። የእርጥብ ጠጉር ሽታ ሲደርሰኝ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ልጅ ሳለሁ፣ በከተማችን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ታቦቱ የገባ ዕለት፣ ለባና፣ ለብርድ ልብሳችን፣ የሚፈተለውን ጠጉር ነፋስ እንዳይወስደው ጠብቂ ተባልኩ። ታናሽ ወንድሜ ቀድሞ አይቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ሊተካኝ ነበር ስምምነቱ። እልልታው ጋራውን ዞሮ ይመጣል፤ ወንድሜ አይመጣም። ቢቸግረኝ ጠጉሩ ላይ ድንጋይ ጭኜ ሮጥኩ። ከቅጥሩ በር ስደርስ ካህናቱ ጥላቸውን እያጠፉ ነው።

«ታቦቱ ገባ እንዴ?» አልኳቸው፣ በሩ ላይ የቆሙትን አያቴን።

«አሁን ገባ። ምን ያስለቅስሻል? ለከርሞ ሲነግሥ ታዪዋለሽ።»

«አዲስ ቤት መግባት ሁለቴ አለ እንዴ፣ አባባ? ተራው የእኔ ነበር!»

«አፍሽን ያዢ! ወንድምሽ አይቶልሻል።»

ወንድሜ አጠገባቸው ቆሞ ዳቦውን እየገመጠ ሳቀብኝ።

በቀደም ሊጠይቀኝ መጣ፤ እሱም ሸብቷል። ጠላ ልቀዳለት እየተነሣሁ፣ «እስቲ ያን ዕለት ያየህልኝን ንገረኝ» አልኩት።

«የቱን ዕለት?»

«ታቦቱ አዲሱ ቤት የገባ ዕለት ነዋ!»

«እሱንማ ረስቼዋለሁ፣ እትዬ» አለኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።