ወተት የመሰለው ውሃ

ልጄ አብዲ ከተራራው ሥር ቤት ሊሠራ መሠረት እያስቆፈረ ነው። ዛሬ ሄጄ አፈሩን በምላሴ ነካሁት፤ ጨው ጨው አለኝ። ቆፋሪዎቹ "አሮጊቷ አፈር በላች!" ብለው ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ፣ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ሰው ቤት ልሥራ ሲለው፣ ከቦታው አንድ ጓል አምጥቶ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ አድርጎ ይከተዋል። ጓሉ እንዳለ ከቆየ "ሥራ" ይለዋል። ሟሙቶ ውሃውን ወተት ካስመሰለው ግን "ይሄ አፈር ጨው አለበት፤ ዝናብ ሲመጣ ቤቱን ይዞ ይወርዳል" ይላል። አንዴ እኔ ሸይጣኗ ያንን ብርጭቆ "ወተት ነው" ብዬ ለወንድሜ አጠጣሁት። ሲተፋው በሳቅ ሞትኩ። አባቴ አልሳቀም።

"አንቺ፣ በዚህ አታላግጪ። ይሄ አፈር ሰው ይቀብራል እኮ!"

ዛሬም ከአብዲ መሠረት ጓል አንስቼ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩ። ውሃው ወዲያው ነጣ።

"እማ፣ ሲሚንቶ ይይዘዋል፤ አንቺ ደግሞ በብርጭቆ!" ብሎ ሳቀብኝ።

"ልጆችህን እዚህ ልታስተኛ? እንግዲያው ወተት ነው፣ እንካ ጠጣው!"

አልጠጣም። ቁፋሮውንም አላቆመም።