ለአራስ የተገዛው ድስት

ባለፈው ከሚሴ መናኸሪያ አንድ ሰው አጠገቤ ጄሪካን ሲከፍት ላምባ ሸተተኝና እጄ ሳላዘው ልጄን ፈለገ። ልጄ ዛሬ የራሷ ጎጆ ያላት ሴት ናት። ልቤ ግን ያ ሽታ ሲመጣበት አሁንም የሚፈልገው ያችን ሕፃን ነው።

ያኔ ገና አፏን መፍታቷ ነበር። የባለቤቴ እህት ቆላ ወልዳ፣ እኔ፣ ባለቤቴና አማቴ ልጅቷን አዝለን ከሰንበቴ ወደ ታች በእግር ወረድን። ግንቦት ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ነፋሱ ሳይቀር ይፋጃል። ጨው የበዛበት ቆሎ ስንቆረጥም ቆይተን ጄሪካኑን ስከፍት ላምባ ሸተተኝ። ባለቤቴ የኩራዙን ጄሪካን ነው ውሃ ሞልቶ ያመጣው።

"አጥቤው ነበር እኮ" አለ።

"አፍንጫህንም አብረህ አጥበኸዋል" አልኩት።

መመለሻውም መድረሻውም ሩቅ ነው። ያገኘነው ከብት የጠጣበት፣ ወንዙ ደርቆ የተረፈ ኩሬ ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን ሰፈራችን በተቅማጥ የዛለ ልጅ ታቅፋ የምትሮጥ እናት አይቻለሁና ልጄን ከኩሬው አርቄ ያዝኳት።

አማቴ ነጠላቸውን አጥፈው ውሃውን አጠለሉት። ጨርቁ ላይ አልቅት ተኮማትሮ ቀረ።

"ይኸው ጠራ። እኛ በዚህ ነው ያደግን።"

"የሚታየውማ ቀረ፣ እማማ፤ የማይታየውሳ? አንቱ ከፈቀዱ በድስቱ እናፍላው።"

ድስቱ ለአራሷ የተገዛ፣ እሳት ያላየ ነው። አማቴ መንገዱን ሁሉ እንደ ልጅ አቅፈውታል። "ጠቁሮ ሲገባ አሮጌ አመጡ አይሉንም?" አሉ።

ባለቤቴ ሳቀ። "ውሃ ደግሞ ይቀቀላል? ሽንኩርት ላምጣልሽ?"

አማቴ ልጄን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ያዋሯታል፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የምትመልስ። ያን ቀን እኔን "ውሃ" ብላ ለምና ስታጣ ወደ አያቷ ዞረችና "አኮ፣ ቢሻን" አለች፤ አያቴ፣ ውሃ ማለቷ ነው።

አማቴ ድስቱ የታሰረበትን ሻሽ ፈቱ። "ስለምናት የኖርኩትን ጥማት አስተማራት" አሉ።

ጭራሮ ለቅመን አነደድን። ውሃው ሲንተከተክ ጥቂት አቆይተን አወረድነው። የከበደው ማብረዱ ነው፤ ልጅ እያለቀሰች ውሃ እስኪበርድ መጠበቅ ሌላ ምጥ ነው። ባለቤቴ ከድስት ወደ ክዳን፣ ከክዳን ወደ ድስት ሲገለብጥ በላብ ራሰ።

"ሽንኩርቱስ?" አልኩት።

የበረደውን በክዳኑ አቀበለኝ። ልጄ ጠጣች። ጭስ ጭስ የሚለውን ውሃ ጨርሳ "ድገሚኝ" አለች። ለእኛም ደግመን አፈላን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአራሷ ቤት ገባን። ጎረቤቶቹ ድስቱን አይተው ተያዩ።

"ምን ታዩታላችሁ? ፀሐይ ነው ያጠቆረው፤ እኛንስ አታዩንም?" አሉ አማቴ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ፈሪ ነሽ ሲሉኝ ኖረዋል፤ እውነት ነው። ያን ቀን አማቴን ያህል ሰው ደፍሬ የተከራከርኩት ግን በዚያው ፍርሃቴ ነው፤ ስለዚህ አላፍርበትም። ልጄን አራሷ ጎን አስተኝቼ ግንባሯን ዳሰስኩ። አላተኮሳትም። ደርሰናል፣ ልጄም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ።