የቆዳዬ ሚስጥር

ቁጭ ብዬ መሥራት አልችልም፤ ቆሜም አልችልም። ወረታ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ክፍሌ ሹሩባ ስሠራ ያየኝ ሰው ጉንዳን የወረረኝ ይመስለዋል። በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ግድግዳ እደገፋለሁ። ደንበኛዬ "ኧረ አንች ልጅ፣ እረፊ!" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "አንች ራስሽን ቀጥ አርገሽ ያዥ" እላታለሁ። ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። ሰው ሲያመው ቁጡ ይሆናል፤ እያመመው የማይታይበት ሰው ደግሞ ይብስበታል።

እኔ ላይ አይታይም። እንዲያውም ያማረብኝ ነው የምመስለው። ቆዳዬ የሕፃን ቆዳ ነው፤ ሴቶቹ እጄን ይዘው እየዳሰሱ "ምን ተቀብተሽ ነው?" ይሉኛል። መልስ አጥቼ አላውቅም። ገበያ ላይ የወጣ ክሬም፣ ቅባት፣ ሎሽን ሁሉ ሞክሬያለሁ፤ ስለነሱ ማውራት ደግሞ ነፍሴ ነው። መጀመሪያ ለደንበኞቼ ብቻ ነበር የማወራው። በኋላ በስልክ ቡድን ተከፈተና ድምፄን እየቀዳሁ መላክ ጀመርሁ። "ያን ባለ አረንጓዴ ክዳኑን እንዳትገዙ፤ የበግ ላት የበግ ላት ነው የሚሸተው።" "ይኸኛው ቫዝሊን ነው፤ ሽቶ ነስንሰውበት ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም።" "ለጸጉርማ ከለጋ ቅቤ የሚበልጥ የለም፤ ዝንብም አብሮ ይወድሻል፣ እወቂው።" ከሐሙሲትም ከአንበሳሜም ሴቶች ገቡበት። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እየሳቁ ይሰሙኛል አሉ።

ባለፈው ክረምት ስለ ባለ ቢጫው ቱቦ ተናገርሁ። ፊት ያቀላል የሚባል ክሬም ነው። አንድ ወር ያህል ተቀብቼዋለሁ፣ ጉዳቱም ጥቅሙም አልታየኝም ነበር። ግን ሴቶቹ ሚስጥርሽ፣ ሚስጥርሽ ብለው ሲነዘንዙኝ "ይኸው እሱ ነው! ቆዳዬን ያያችሁ ሁሉ፣ ባለ ቢጫው ነው" አልኋቸው። ለምን እንዲያ እንዳልሁ አሁንም አይገባኝም። መልስ የሌለው ጥያቄ ያናድደኛል፤ ደግሞም እኔው ራሴ እያመንሁት ነበር።

ከሁሉ በፊት የሰማችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ለጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። ደወለችና "እታለም፣ እንዳንች ሆኜ ነው ሙሽራ መሆን የምፈልገው። ያን ነገር ላኪልኝ" አለችኝ። እኔው በእጄ ገዝቼ ላክሁላት።

ስለዚህች እህቴ ላውራ። ያደግነው ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲተኛበት ሩዝ የምንተክልበት መሬት። ልጅ ሆኜ አውራ ጣቴን አጥፌ ክንዴ ላይ አስተኛው ነበር። ክርኔ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጉልበቴ እንደ ፍየል ወደዚያ ይለጠጣል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ "እስቲ አሳዪአቸው" ይለኛል። አሳያለሁ። "ኧረ ይች ልጅ አጥንት የላትም!" ብለው ይስቃሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን የሩዝ አረም እስኪመጣ ነበር። ጭቃው እግሬን ጥርቅም አርጎ ይይዘዋል፤ እኔ ስነቅለው ጉልበቴ ቦታውን ይስታል። ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ እጮኻለሁ። ወንዶቹ "ሰበብ አታጣም፣ ሰነፍ" ይሉኛል። ሁለት ዓመት የምታንሰኝ እህቴ የራሷን መስመር ትጨርስና የኔን ትይዛለች። የነሐሴ ፀሐይ ከላይ፣ የውሃው ነጸብራቅ ከታች፤ ፊቷ የጠቆረው እዚያ ነው። የኔን አረም ስታርም።

ማታ ወጌሻው ይጠራሉ። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በሬ የወጋውን፣ ከዛፍ የወደቀውን ሁሉ የጠገኑ፣ እጃቸው መድኃኒት ነው። በኛ አገር የወለቀ ነገር ይጎተታል፣ አለቀ፤ ሌላ ሐሳብ የለም። እህቴ ከኋላዬ ተቀምጣ በብብቴ ሥር አቅፋ ትይዘኛለች። እሳቸው "ያዣት!" ይላሉ፣ እግሬን ይስባሉ፣ አንዳች ነገር ቀጭ ይላል፣ ቤቱ ሁሉ "እሰይ! ገባ!" ይላል። እህቴ ጆሮዬ ሥር "አይዞሽ እታለም" ትለኛለች። ሳምንት አብጦ ይሰነብትና እንደገና ይወልቃል። አንዳንዴ ተመልሶ የገባውን ሁሉ ይጎትቱታል፤ እንዳይሳሳት እያሉ። ስንት ጊዜ እንደተጎተትሁ አላውቅም። ሽማግሌው ራሳቸው ሰልችቷቸው "ይች ልጅ አልጸና አላት" ብለው ነበር። እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰደችኝ፤ ውሃው ውስጥ እያለሁ ሕመም የሚባል ነገር ረሳሁ፣ ልወጣ ድንጋዩን ስረግጥ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ። ቤት ስንደርስ ወጌሻው ተጠሩ፣ እህቴም ያዘችኝ።

ለእርሻ እንደማልሆን ሲታወቅ ወረታ ገብቼ ሹሩባ ተማርሁ። ጣት አይወልቅም ብዬ ነበር። ባለፈው መስከረም ጣቶቼም ጀመሩ። ቀጭኑን ጉንጉን ሳጠብቅ ሌባ ጣቴ ሸርተት ይላል፣ በሌላው እጄ እመልሰዋለሁ፣ ደንበኛዋ አታየኝም። ፈራሁ። የእህቴን የሙሽራ ሹሩባ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ልጆች ሳለን ጀምሮ የተነጋገርነው ነገር ነው። ለወጌሻው ጣቴን መስጠት ግን አስጠላኝ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሄድሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። "አውራ ጣትሽን ወደ ክንድሽ እጠፊው እስቲ" አለችኝ። አጠፍሁት። "ጎንበስ ብለሽ መዳፍሽን መሬት አስነኪ።" አስነካሁ። እንግዳ የመጣ መሰለኝ፤ ልታጨበጭብልኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ እኮ! እሷ ግን አልሳቀችም። የእጄን ቆዳ ቆንጠጥ አርጋ ወደ ላይ ሳበችውና "ቆዳሽ ከድሮም እንዲህ ነው?" አለችኝ።

"ክሬም ነው" አልኋት ደረቴን ነፍቼ። "ባለ ቢጫ ቱቦው። ለአንችም ይሆንሻል።"

ያኔ ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደኔ ሳበችና አስረዳችኝ። ቆዳንም መገጣጠሚያንም አያይዞ የሚይዘው ነገር አንድ ዓይነት ነው አለች። አንችጋ እሱ ከተፈጥሮሽ የላላ ነው፤ ቆዳሽን ያለሰለሰው ጉልበትሽን የሚያወልቀው ራሱ ነው። ክሬም አይደለም። አጥንትሽን የሚይዝልሽ ጡንቻሽ ነው፣ ቀስ እያልሽ አጠንክሪው፤ ጣትሽን በፕላስተር እየደገፍሽ ሥሪ፤ እየታጠፍሽ ለሰው አታሳይ፤ ደግሞ ከእንግዲህ ማንም እንዳይጎትትሽ። "ሰነፍ አይደለሽም" አላለችኝም፤ ስለዚያ ምን ታውቃለች! እኔ ግን እንዳለችኝ ቆጥሬ አለቀስሁ።

ወደ ወረታ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። አጠገቤ የነበሩት ቄስ "ልጄ፣ ምን ሆነሻል?" አሉኝ። "ምንም፣ አባቴ" አልኋቸው። እህቴ ጧትና ማታ ባለ ቢጫውን እየተቀባች እንደሆነ ትዝ ብሎኝ ነው። ሐሙሲት ላይ ስልኬን አውጥቼ መልሼ ከተትሁት። በማግስቱ ደወልሁላት። "ክሬሙ እንዴት ነው?" "ደኅና ነው" አለች። ተይው፣ ከሠርጉ በኋላ ትነግሪያታለሽ አልሁ ለራሴ። ሁለት ሳምንት እንዲያ ስል ከረምሁ። ቡድኑ ውስጥ ሴቶቹ ስለ ባለ ቢጫው ይጠይቁኛል፤ እኔ ስለ ሻምፑ አወራላቸዋለሁ። እንቅልፍ የለ፣ መቀመጥ የለ። ምን ያለሁ ፈሪ ነኝ! በዚህ ቆዳ ነው ሰው የሚያምነኝ፤ እሱ በሽታ ነው ካልሁ ማን ይሰማኛል?

የሠርጉ ዋዜማ ጧት እህቴ መጣች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። በሩን ዘግታ ገለጠችው። ጉንጮቿ ተልጠዋል። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል፣ ባፏ ዙሪያ ደም መስሏል።

"ወይኔ! ምን ሆነሽ?"

"ምንም" አለችኝ። "ትንሽ ትንሽ ስቀባው ነው መሰል አልያዝ አለኝ። አሁን በቀን ሦስቴ አርጌዋለሁ። አንች ላይ ሠርቷል እኮ፣ እኔ አቀባብ ባላውቅበት ነው።"

አስቀመጥኋትና ሹሩባዋን ከኋላ ጀመርሁ፤ ፊቷን እንዳላይ። ጣቶቼን በፕላስተር ጠቅልያለሁ። ስለ ሚዜዎቿ ታወራልኛለች፣ እኔ "እህ፣ እህ" እላለሁ። ግማሹን ራስ እንደጨረስሁ ሌባ ጣቴ ከቦታው ሸሸ። አላስቻለኝም፣ ጮኽሁ። እህቴ ብድግ አለች። "ወጌሻ ልጥራልሽ! ነይ፣ እኔ እይዝሻለሁ" ብላ ከኋላዬ ልትዞር ነው፤ እጇ ብብቴ ሥር ገብቷል።

"ተይ! ማንም አይጎትተኝም" አልኋት። ያን ካልሁ በኋላ መመለስ የለም፣ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ሐኪሟን፣ የላላውን ነገር፣ ቆዳዬን። "ክሬሙ አይደለም። እኔ ስወለድም እንዲህ ነኝ። ዋሸሁሽ፤ ካወቅሁ ደግሞ ሁለት ሳምንቴ ነው።"

"ሁለት ሳምንት" አለች። "በዚህ ሁለት ሳምንት ነው እኮ የተላጠው።" ነጠላዋን አነሣችና ወጣች። በሩን እንዲያ ስትወረውረው መስታወቴ ከምስማሩ ወደቀ።

ክፍሌን ዞርሁ። ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። ልከተላት ብዬ ደጃፉ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ብዙም አልቆየች፣ ተመለሰች። በግማሽ ራስ ሙሽራ የት ይደረሳል? በርጩማው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። "ሥሪ" አለችኝ። ሠራሁ። ጣቴን ቀድሜ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ።

"ሰነፍ እልሽ ነበር" አለች ድንገት። "ጭቃ ጠልተሽ እየመሰለኝ። ሰው በተሰበሰበበት ነበር የምልሽ።"

"አውቃለሁ።"

"በቆዳሽ ደግሞ እቀና ነበር።"

"እኔ በጉልበትሽ" አልኋት።

ልትስቅ ብላ ጉንጯ አመማት። "እስክድን ተከናንቤ እዋላለሁ፤ ሙሽራ እንደሁ አንገቷን ደፍታ ነው የምትውለው" አለች። ከሠርጉ በኋላ ሐኪም ዘንድ አብረን ልንሄድ ተስማማን፤ ቱቦውን ግን አውጥታ እዚያው ጣለችልኝ። "አሁን ለነዚያ ሴቶች ንገሪያቸው።"

"ይስቁብኛል።"

"ይሳቁብሽ!"

ስልኩን አነሣሁ። የማውቀው የቀልድ ድምፄ ጠፋ። ስለ ባለ ቢጫው ያልሁት ውሸት ነው፣ የተቀባችሁ አቁሙ፣ ፊታችሁ የተጎዳ ሐኪም ይይላችሁ አልሁ። ቆዳዬ ክሬም አይደለም፣ ሕመሜ ነው አልሁ። ጣቴ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍበት፣ በልጅነቴ ለእንግዳ ስለማሳየው፣ ስለ ጉተታው ሁሉ ነገርኋቸው። ከላክሁ በኋላ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁት። እህቴ መልሳ ገለበጠችው።

መጀመሪያ የመጣው መልስ ሳቅ ነበር። ሁለተኛዋ "እሺ፣ ታዲያ አሁን የትኛውን ልግዛ?" አለች። ሦስተኛዋ የሐሙሲት ሴት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ከበስተኋላዋ ልጅ የሚጫወት ይሰማል።

"እህቴ፣ የኔም ልጅ ጣቷ እንደዚያ ይታጠፋል። እንግዳ ሲመጣ አሳዪአቸው እላታለሁ። ትናንት ክርኗ ወጣብኝ፣ በራሱ ተመለሰ፤ ግን ያስተካክሏት ብዬ ዛሬ ወጌሻ ዘንድ ልወስዳት ስወጣ ነው ድምፅሽን የሰማሁት። ምን ላርግ? ልተወው?"

በፕላስተር በተጠቀለለው ጣቴ የስልኩን መስታወት ብነካው እምቢ አለኝ። እህቴ ከእጄ ነጠቀችው።

"አታስጎትቻት!" አለች፣ ወደ ስልኩ እየጮኸች። "ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። እኔ ታናሿ ነኝ። ከኋላ የምይዛት እኔ ነበርሁ። ስትጮህ እንዳታመልጥ፣ አጥብቄ የምይዛት እኔ ነበርሁ።"

ተናግራ ጨርሳም ጣቷን ከስልኩ ላይ አላነሣችም፣ ስልኩ ይቀዳል። ቀስ ብዬ አነሣሁላትና መልእክቱ ሄደ። "ራስሽን ቀጥ አርገሽ ያዥ" አልኋት፤ ገና ሩብ ያህል ይቀረን ነበር።