የጋሽ ጆሮ ጆሮ

ጋሽ ጆሮ የናፍጣ መኪና መካኒክ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። በወጣትነቱ መኪናው ገና ከመንገድ ወደ ጋራዡ ሲታጠፍ ድምፁን ሰምቶ፣ ኮፈኑን ሳይከፍት፣ «ሦስተኛው ኖዝል ያንጠባጥባል» ይል ነበር። ከአሥር ስምንቱን ይመታል፤ የሳታቸውን ሁለቱን ማንም አያስታውስም። ስም እንዲህ ነው የሚተከለው።

የጋራዡ ጎረቤት የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። በአንድ በኩል መጋዝ፣ በሌላ በኩል የናፍጣ ሞተር፣ መሃል ላይ ጋሽ ጆሮ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ሃምሳን ሲሻገር መጀመሪያ ቀኝ ጆሮው፣ ቀጥሎ ግራው ሥራ ፈታ። መጋዙ ራሱ የሩቅ ዝንብ መሰለው። ይህንን ከሚስቱ በስተቀር ማንም አላወቀም።

ሚስቱ ከጋራዡ በር ጥግ ባለች ጠባብ ክፍል መለዋወጫ ትሸጣለች። ደንበኛ ሲመጣ ከፊልትሮና ከቺንጋ ክምር መሃል ብቅ ትልና የሰውየውን ቃል ተቀብላ ለባሏ ታስተጋባለች።

«ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላቸዋል! ነጭ ጭስ አለው ነው የሚሉት!»

ሰፈሩ «ማይክሮፎን» የሚል ስም አወጣላት። «እንዲህ ያለ ጆሮ ተሰጥቶት ከዚች ጯሂ ጋር መኖሩ!» እያለ ለባልየው ከንፈር የሚመጠው ብዙ ነው። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። አፏ አያርፍም የምትባለው ሴት ያንን ምስጢር አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላለችም።

ጋሽ ጆሮ መስማት ሲያቅተው መለካት ጀመረ። ድሮ «ጆሮ የሌለው ሰው መጫወቻ» ይለው የነበረውን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ቴስተር፣ ገዛ። ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ፣ ናፍጣ የሚያጠልልባቸው ብርጭቆዎች፣ ብልሽት የሚጽፍበት ደብተር አዘጋጀ። ከአሥር ዘጠኙን፣ አንዳንዴም አሥሩንም መምታት ጀመረ። ደንበኛ ግን የመጣው ቴስተር ሊያይ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳል፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ «ነገ ተመለሱ» ይልና ደንበኛው ሲሄድ ቴስተሩን ያወጣል።

አንድ የክረምት ጠዋት አንዲት ዶክተር በራሷ ናፍጣ መኪና መጣች። የጆሮ ሐኪም ነበረች፤ የምን ሐኪም እንደሆነች ግን የጠየቃት የለም።

«ዝናብ ሲዘንብ ሞተሩ ይጠፋብኛል» አለች ለሚስትየው። «አምስት ደቂቃ ቆሜ ስሞክረው ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ፖምፓ የሚሠራው ሰውዬ ናፍጣው ውስጥ ውኃ ገብቷል ብሎ ታንኩን አጠበ፤ ፊልትሮም ፖምፓም ቀየረ። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ባትሪውንና ዲናሞውን ቀየረ። አሁን አንዱ የሌላው ጥፋት ነው ይለኛል።»

«ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል! አምስት ደቂቃ ቆይቶ ይነሳል!» አለች ማይክሮፎን።

ጋሽ ጆሮ ካቻቢቴውን አንስቶ ዓይኑን ጨፈነ። ዶክተሯ ግን እንደ ሌላው ሰው ሞተሩን ሳይሆን ሰውየውን አየች። ሰውዬው በጆሮው ሳይሆን እጀታውን በጨበጡ ጣቶቹ ነበር የሚያዳምጠው። ዓይኑን ሲገልጥ ደግሞ ቶሎ ብሎ ከንፈሯን ፈለገ። አፏን በእጇ ከለል አድርጋ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፦

«ጋሼ፣ ሞተሩ ውስጥ ዝሆን የገባ ይመስለኛል» አለችው።

ጋሽ ጆሮ በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም እሱን ጠርጥሬ ነበር፣ ዶክተር። ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።»

ሚስትየው ክው አለች። ሁለት ደንበኞች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜ ለመጋዙ፣ አልሰሙም። ዶክተሯ አልሳቀችም። ሚስትየውን ዓይን ዓይኗን አይታ ቁልፉን ሰጠቻትና ሄደች።

ጋሽ ጆሮ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ከታንኩ ናፍጣ ቀድቶ በብርጭቆ አስቀመጠ፤ ሥሩ ላይ ውኃ አልተጠራቀመም። ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡን የሚያሳየውን ቱቦ ቀጠለ፤ አንዲት የአየር አረፋ አላለፈችም። እንግዲህ ናፍጣው ከደሙ ንጹሕ ነው። ታዲያ ዝናቡ ምን አደረገ? ደብተሩን ከፍቶ «ዝናብ» ብሎ ጻፈና አጠገቡ «ሰው በዝናብ ጊዜ ምን ይነካል?» ብሎ ጨመረ።

ሚስቱን መሪው ጋ አስቀመጣት። እሱ ቴስተሩን ፖምፓው ላይ ካለችው፣ በኤሌክትሪክ እየተከፈተች ናፍጣ ከምታሳልፈው ትንሽ ቫልቭ ጋር አገናኘ። ሞተሩ ተነሳ፤ አሥራ ሦስት ቮልት ከምናምን።

«የዝናብ መጥረጊያውን!» ቁጥሩ ወረደ። «የመስታወት ማሞቂያውን! ማራገቢያውንም እስከ መጨረሻው!» አሥር። ትንሽ ቆይቶ ዘጠኝ። ባትሪው ላይ ሲለካ ግን አሥራ ሦስቱ ከነሙሉ ክብሩ አለ። ጠብቀው ጠብቀው፣ ሰባት ላይ ሲደርስ ቫልቯ ተዘጋችና ሞተሩ ዝም አለ። ዝም ማለቱን ያወቀው በእጁ ነው።

ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነበር። ጋሽ ጆሮ ከመሪው ሥር ተኝቶ ገመዶቹን በጣቱ ተከተላቸው። ከቁልፉ ማስነሻ ጀርባ ያለው ሶኬት ጋ ሲደርስ እጁን መንጭቆ አወጣ፤ ሶኬቱ ይፋጃል። ሲነቅለው ከጫፎቹ አንዱ ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩም ቀልጧል። መጥረጊያውም፣ ማሞቂያውም፣ ማራገቢያውም፣ ያቺ ቫልቭም የሚጠጡት ከዚያች ከተቃጠለች ጫፍ ነው። ስትግል ታስቀራለች፣ ስትቀዘቅዝ ታሳልፋለች። ጤነኛ ፖምፓና ጤነኛ ዲናሞ ተነቅለው የተጣሉት ለዚች ለጥፍር የማትበልጥ ብረት ነበር። ሶኬቱንና ማስነሻውን ቀየረ፤ ሁሉን አብርቶ ግማሽ ቀን አስነስቶ አቆየው። ቁጥሩ አልወረደም።

ዶክተሯ በማግስቱ መጣች። የቀለጠውን ሶኬት አገላብጣ አየችና እሱ ፊት ለፊት ቆማ፣ ከንፈሯን እያሳየች፣ ቀስ ብላ ተናገረች፦

«የኔን መኪና እርስዎ አዳመጡልኝ። አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። ሐሙስ ክሊኒክ ይምጡ።»

ጋሽ ጆሮ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ አቀርቅራ ባትሪ የምትቆጥር መሰለች።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሯ መስታወት ባላት ጠባብ ክፍል አስገብታ፣ ማዳመጫ አጥልቃለት፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ ነገረችው። እሱም በልበ ሙሉነት ያነሳ ጀመር፤ አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን። በመጨረሻ በሩን ከፈተችው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ማሽኑን አላበራሁትም።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ መስሚያ መሣሪያ ተደረገለት። ጋራዡ በር ላይ ሲደርስ መጋዙ ጭንቅላቱን ለሁለት ሰነጠቀው። ሚስቱ «መጣህ እንዴ!» ስትለው ዘሎ ግድግዳ ተደገፈ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጮኺው?»

«ምን ሆነሽ?» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ስጮህልህ ኖሬ ዛሬ ምን ሆነሽ?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ማታ ራት ላይ ግን ልጅ እንደምታባብል ዝቅ ባለ ድምፅ ስለ ውሎዋ ነገረችው፤ ሳያቋርጥ ሰማት። ድምፅዋ ትንሽ ሻካራ ሆኗል። በማን ምክንያት እንደሆነ ስላወቀ አልጠየቃትም።

ሥራው ላይ ግን ጉድ ፈላ። መስማት ሲመለስለት የድሮው ትዕቢትም አብሮ ተመለሰ፤ ቴስተሩን ረሳ። በአንድ ሳምንት ሁለት መኪና ሳተ፤ አንዱን «ኖዝል ነው» ብሎ በሙሉ ፈታው፣ ለካስ የላላ የጭስ ማውጫ ሽፋን ነበር የሚንኳኳው። ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ሲገባ መሣሪያውን አውልቆ ደረት ኪሱ ይከትና ቴስተሩን ያነሳል፤ ደንበኛ ሲመጣ ብቻ ያጠልቀዋል።

ሰፈሩ የጆሮውን ዕቃ ሲያይ በራሱ መንገድ ተረጎመው። «ሞተር አጉልቶ የሚያሰማ ማሽን ከሐኪም አስመጣ» ተባለ፤ ደንበኛው እጥፍ ሆነ። ይሄኔ ያ ዲናሞ የቀየረው ኤሌክትሪሺያን አልቻለም፤ ክሊኒክ ሄዶ ለኔም ይገጠምልኝ አለ። ዶክተሯ መርምራ «የእርስዎ ጆሮ ፍጹም ጤነኛ ነው» ብላ አሰናበተችው።

እሱም ጋሽ ጆሮ ዘመዷ ስለሆነ ዶክተሯ አዳልታ ነው እያለ ዛሬም ድረስ ያወራል።