የመርሳው ዋሴ

በደርግ ጊዜ ነው። ወደ ወልድያ ስሄድ መኪናችን ተበላሽቶ መርሳ አደርኩ። ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም፤ ለእንግዳ ደግሞ የሚያውቀው ዋስ ያስፈልጋል። እኔን በመርሳ ማን ያውቀኛል?

በማግስቱ የቀበሌውን ሊቀመንበር ቢሮው ገብቼ ስለማመጠው፣ አይቻቸው የማላውቅ ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ ተነሡ።

«ዋሱ እኔ ነኝ፤ ልጄ ነው። ግራ ትከሻው ላይ የእሳት ጠባሳ አለው» አሉ።

ሊቀመንበሩ ሸሚዜን አስወለቀኝ። ጠባሳው አለ። እኔ እኮ የተቃጠልኩት በልጅነቴ፣ አርሲ ነው!

የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ። «ጋሽ ሰይድ፣ ልጅዎን ከነጠባሳው አምና አብረን ቀበርነው እኮ!»

«ቀበርነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ። «ይለፍ ከልክለኸው፣ ኬላውን በዱር ሲዞር አይደል በጥይት የተመታው? አሁን ስጠው።»