ያልሞላው ሣጥን

ከወረታ በወጣሁበት ሌሊት ዝናቡ አላባራም። እናቴ ከመንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን አቋርጣ መጥታ፣ መናኸሪያው በር ላይ «እንቅልፍህን እንዳታጣ» አለችኝ። ሌላ እናት ገንዘብህን ጠብቅ ትላለች። ሳቅሁባት።

በረሃውንና ባሕሩን የተሻገራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልተሻገራችሁት ባትሰሙት ይሻላል።

የሆላንድ ሜዳ እንደ አገሬ እንደ ፎገራ ዝርግ ነው፤ ውኃው ግን ሂድ ባሉት ይሄዳል። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል አጸዳ ነበር። አከራዬ «ሌሊት ስለሌለህ ማሞቂያውን አጠፋዋለሁ» አለኝ።

«የምተኛው እኮ ቀን ነው።»

«ቀንማ ፀሐይ አለ!» መስኮቱ ላይ በረዶ ተጋግሮ ነበር።

በኋላ በራሴ ያጠናሁት ስታትስቲክስ ጠቀመኝና የዚያው ሆስፒታል የአንጎል ምርምር ክፍል በረዳትነት ቀጠረኝ። ጥናቱ የስደተኞችንና የአገሬውን ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ ማሽን እያነሣ ያወዳድራል። ስደተኞቹን ለምኜ ያመጣሁ እኔ ነኝ። ከእነሱ አንዱ፣ የሐሙሲቱ ጋሽ መልካሙ፣ ማሽኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት «ኋላ አእምሯቸው የተነካ ነው እንዳይሉን» አሉኝ።

«እኔ እያለሁ አይሉም» አልሁ።

በሁለቱ ምድቦች መካከል ልዩነት ተገኘ። ጥናቱን የምትመራው ፕሮፌሰር ግን ደስ አላላትም። ስደተኞቹ በሙሉ የሌሊት ሠራተኞች ናቸው፤ ከአገሬው ሰዎች ውስጥ የሌሊትም የቀንም ሠራተኞች አሉ። «ያገኘነው ስደቱን ነው ወይስ የሌሊት ሥራውን?» አለች።

አባቴ ትዝ አለኝ። አዲሱን የሩዝ ዘር ውኃ በሚተኛበት፣ የድሮውን በደረቁ መሬት ዘርቶ አዲሱን ሲያሞግስ፣ ጎረቤታችን «ዘሩን ነው ውኃውን የምታመሰግን?» ብሎት ነበር። ሁለቱንም ዘር በሁለቱም መሬት መዝራት ነበረበት። ፋክቶሪያል ዲዛይን የሚሉት ይኸው ነው፤ አራት ሣጥን። ስደተኛ የሌሊትና የቀን፣ አገሬው የሌሊትና የቀን። የእኛ የቀን ስደተኛው ሣጥን ባዶ ነበር።

«በሁለት ምድብ እንሂድ ወይስ በአራት?» አለችኝ።

«በአራት።»

«እንግዲያው ቀን የሚሠሩ ስደተኞች አምጣ። ካጣህ በጀቱ አልቋል፤ በሁለቱ አውጥተን ጉድለቱን ከግርጌ እንጽፋለን።»

«የስደተኛ አንጎል የተለየ ነው» የሚለውን እንጂ ከግርጌ ያለውን ማን ያነባል?

እሑድ ያገር ልጆች በተሰበሰቡበት «ቀን የሚሠራ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁ። አንዷ «ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ፣ አገባዋለሁ» አለች።

ጋሽ መልካሙ አልሳቁም። «አንተስ? ቀን አይደለህ የምትሠራ?»

«የጥናቱ ሠራተኛ ጥናቱ ውስጥ አይገባም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የሰጠኸን ቃልስ?»

ሲመሽ ወረታ ቴሌ ደወልሁ፤ እናቴ ቀጠሯችንን አክብራ ትጠብቀኝ ነበር። ስለ ሣጥኑ ምን ብዬ ልንገራት? ስለ ከብቶቹ ጠየቅኋት።

«ደኅና ናቸው። አንተ ትተኛለህ ወይ?»

«አሁንማ ቀን ነው የምሠራ፣ እማ።»

«እሱን መች ጠየቅሁህ?»

በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ትሰማኛለህ? ትተኛለህ ወይ ነው ያልሁህ።»